ሩጫ እያየሁ መናደድ ሰለቸኝ

የሲድኒ ትውልድ፦

ሰላም ለቤቱ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው ውልቅ የምለው። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ አይወጣልኝም።

መስከረም 4 በዓለም ሻምፒዮና ቶኪዮ ላይ የተሮጠውን የወንዶች 10,000 ሜትር ያያችሁ አላችሁ? እኔ እስካሁን አልበረደልኝም። ያሰለፍነው ዮሚፍ ቀጄልቻን፣ በሪሁ አረጋዊንና ሰለሞን ባረጋን ነው። እነዚህን የመሰሉ ሦስት ልጆች በአንድ ሩጫ የሚያሰልፍ ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ። ሩጫው ገና ከጅምሩ ሞተ፣ ተንቀራፈፈ። ወበቅ ነበር፣ እሺ ይሁን። ግን በፈጣን ሰዓት የሚታወቁት የእኛ ልጆች ናቸው። ሩጫው ሲሞት የሚጎዱት እነሱ፣ የሚጠቀመው ለመጨረሻዋ ዙር ጉልበቱን የቆጠበው ነው። ይህን ኳስ ብቻ የሚያይ ሰው እንኳ ያውቀዋል። እነሱ ግን እርስ በርስ እየተያዩ ዙሩን ጨረሱት። መጨረሻ ላይ ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር ፈትለክ ብሎ 28:55.77 ገባ። ዮሚፍ በ0.06 ሰከንድ ተቀደመ። ሦስተኛው ስዊድናዊ ነው። የ26 ደቂቃ ሯጮች በ28 ደቂቃ ሩጫ ተበሉ።

ከዚያ ሻምፒዮና በጠቅላላ 2 ብርና 2 ነሐስ ይዘን ተመለስን። ወርቅ የለም። ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ 4 ወርቅ ያየ ሰው ይህን እንዴት ይዋጠው?

መሸነፉንስ እችለዋለሁ። ያስጠላኝ ጠባዩ ነው። አቴንስ 2004ን ታስታውሳላችሁ? ኃይሌ የተረከዝ ጅማቱን ታሞ ነበር። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት እየመሩ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ወደ ኋላ ዞረው ያዩት ነበር። ይድረስብን ብለው ነው። የኦሎምፒክ ወርቅ ከፊታቸው ተቀምጦ! አልደረሰም፣ አምስተኛ ወጣ። እኔ ግን ያችን ዞር ማለት ከወርቁና ከብሩ ለይቼ አላያትም። አሁን ዞር የሚል ካለ ማን እንደደረሰበት ለማወቅ ነው።

ከውድድር በኋላ ደግሞ ይብሳል። አንዱ አሰልጣኙን ይወቅሳል፣ አንዱ ፌዴሬሽኑን፣ አንዱ ጓደኛውን። የቀረውን ደጋፊዎቻቸው ቲክቶክ ላይ ይጨርሱታል። ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ "ጉዳት አለብኝ" ያለው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ አንዱ ከተማ ማራቶን ላይ ይታያል።

በርሊን ማራቶን 2023 ላይ ትዕግስት አሰፋ 2:11:53 ስትገባ ከሶፋው ዘልዬ ተነሳሁ። ወዲያው ጫማዋን አውልቃ ለካሜራ ከፍ አደረገችው። 500 ዶላር የሚሸጥ ጫማ ነው። የደስታዬ ግማሽ እዚያው ቀረ።

አርጅቼ ነው ወይስ እናንተንም ይሰማችኋል? እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ አላይም።

ቦሌ ሚካኤል፦

ጋሼ አይቆጡኝና ይሄ ናፍቆት ነው። የድሮዎቹም እኮ ተበልተዋል። በርሊን 2009 የሴቶች 10,000 ላይ መሰለች መልካሙ ወርቁን ያዘችው ስንል ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ መስመሩ ላይ መጥታ በ0.10 ሰከንድ ነጠቀቻት። መሠረት ደፋር እንኳ በዚያ ሩጫ አምስተኛ ነበረች። ያኔ ቲክቶክ ስላልነበረ ሁሉም ቤቱ ተናዶ ተኛ።

ደግሞ የፓሪስ ኦሎምፒክን ረሱት? ፓሪስ ላይ እነዚሁ ሦስት ልጆች ናቸው የሮጡት። እየተቀባበሉ መሩ፣ ጎተቱ፣ እርስዎ የሚሉትን የቡድን ሥራ ሠሩ። ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌይ ተከትሏቸው መጣና 26:43.14 ገብቶ ወርቁን ወሰደ። በሪሁ በ0.30 ሰከንድ ብር አገኘ፣ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በማግስቱ እዚሁ ቤት ምን ተባለ? "ምን አስጎተታቸው? ለምን አይጠብቁም ነበር?" ቶኪዮ ላይ ጠበቁ። አሁን ደግሞ ለምን ጠበቁ ሆነ። ልጆቹ ምን ያድርጉ?

ሻይ በቅመም፦

ኳስ ተጫዋቾቻችንን አይቶ ሯጮቹን የሚያማ ሰው ግፍ አይፈራም 😂

የሱሉልታ አቧራ፦

ጋሼ የሲድኒ ትውልድ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። እኔ ለዓመታት ሮጫለሁ። ስሜን አያውቁትም፣ የአገር መለያም አልለበስኩም። አሯሯጭ (ከፊት ሆኖ ለሌሎች ፍጥነት የሚያወጣ) ሆኜ አውሮፓ ወጣ ገባ ብያለሁ። ከውስጥ ሲታይ እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት።

10,000 ሜትር በዳይመንድ ሊግ (በየዓመቱ በተለያዩ ከተሞች በሚካሄዱት ትልልቅ የትራክ ውድድሮች) መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ስለዚህ የ10,000 ሯጭ የምንለው ልጅ ዓመቱን ሙሉ 10,000 አይሮጥም። 5,000 ይሮጣል፣ ግማሽ ማራቶን ይሮጣል፣ ጎዳና ላይ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እዚያ ሁሉ ቦታ አሯሯጭ አለለት። ትልልቆቹ የትራክ ውድድሮች ላይ ደግሞ መም ዳር የሚሄድ መብራት አለ። መብራቱ በታዘዘው ፍጥነት ይሄዳል፣ አንተ ትከተለዋለህ። ለተሰንበት ግደይ በ2020 ቫሌንሺያ ላይ 14:06.62 ስትገባ መብራቱ አብሯት ነበር። መብራት አያታልልም። ድንገት አይፈተለክም። ክርኑን አያስገባብህም። ሻምፒዮና ላይ ግን መብራትም አሯሯጭም የለም። ዓመቱን ሙሉ መሪ ይዞ የሮጠ ልጅ በአንድ ቀን መሪ ሁን ሲባል ይደናገራል። የፈረንጅ ልጆች ደግሞ በመጨረሻዋ 400 ላይ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት።

ሁለተኛው ነገር ማጣሪያው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ሮጠህ ሰዓት አታመጣም። ስታዲየማችንም ለዓመታት እድሳት ላይ ነው የቆየው። ለፓሪስ የ10,000 ማጣሪያችን የተሮጠው ስፔን፣ ኔርሃ የምትባል ከተማ ነው። ማጣሪያ ላይ አብረህ ጫካ ስትሮጥ የከረምከውን ልጅ ካልቀደምከው ትቀራለህ። አራተኛ ከወጣህ ለዚያ ዓመት አለቀልህ። ከዚያ በኋላ ሦስታችሁም አንድ መለያ ትለብሱና "በሉ ወንድማማች ሁኑ" ትባላላችሁ።

ሦስተኛው ብር ነው። የዓለም ሻምፒዮና 1ኛ የወጣ 70,000 ዶላር ያገኛል። 2ኛ 35,000፣ 3ኛ 22,000። እስከ 8ኛ ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። ለጓደኞቹ ጎትቶ ጎትቶ ተቃጥሎ 12ኛ የወጣው ስንት ያገኛል? ምንም። አሯሯጭ ሆኜ ስሄድ ግን ተከፍሎኛል። ሃያ አምስት ዙር ካለው ሩጫ ግማሹን እንኳ አልጨርስም፣ የተባልኩትን ሰዓት ጠብቄ ወጥቼ ሣሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ይከፈለኛል። ለአገርህ ስትጎትት ግን አትከፈልም። ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማርታ ዘ ዱባይ፦

እኔ ደግሞ ከደጋፊ ወገን ልናገር። እዚህ ዱባይ ጥር ላይ ማራቶን አለ። የእኛ ልጆች ናቸው በብዛት የሚያሸንፉት። አብዛኞቻችን ሰው ቤት ነው የምንሠራው፣ ፈቃድ ለምነን ነው የምንወጣው። በሌሊት ተነስተን፣ ባንዲራ ለብሰን፣ መንገድ ዳር ቆመን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን።

አንዳንዶቹ ሲጨርሱ መጥተው ያቅፉናል። "እህቶቼ" ይላሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከማናጀራቸው ጋር ስልክ እያዩ ያልፋሉ። አንዷን ስሟን ጠርቼ ጠርቼ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ደክሟት ይሆናል አልኩ። ትንሽ ቆይታ ከፈረንጆቹ ጋር ፎቶ ስትነሳ ግን ጥርሷ አልተከደነም። ስሟን አልጽፍም፣ ምን ያደርጋል። ግን ጋሼ ያሉት ነገር አለ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን አለ።

ቨርጂንያ፦

እኔ ይሄ "ድሮ ለባንዲራ ነበር የሚሮጡት" የሚባል ነገር ያስቀኛል። ኃይሌ ሩጫን ሥራ አድርጎ ነው የሮጠው። ሕንፃ ሠራ፣ ሆቴል ሠራ፣ ታላቁ ሩጫን ጀመረ፣ ሰው ቀጠረ። ዱባይ ላይም የሮጠው ሽልማቱ 250,000 ዶላር ስለነበረ ነው። ማን ከፋው? እንዲያውም ኮራንበት። የጫማ ኩባንያ ውልም ነበረው። ታዲያ ትዕግስት ጫማዋን ስታሳይ ምኑ ነው የሚያናድደው? ደመወዝ የሚከፍላት እሱ ኩባንያ ነው። እኛ ምን ከፈልናት? ቲክቶክ ላይ ስድብ።

አንዲት ገጠር ያደገች ልጅ በእግሯ ቤተሰቧን አውጥታ፣ ታናናሾቿን አስተምራ፣ ለእናቷ ቤት ሠርታ፣ እኛ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን "ስሜት የላትም" እንላለን። አንድ የጅማት ጉዳት ነው እኮ የሚለያት ከዜሮ።

የሲድኒ ትውልድ፦

ቨርጂንያ፣ ገንዘብ አታግኙ ያለ ማነው? ያግኙ፣ ይገንቡ፣ ይብዛላቸው። ኃይሌ ገንዘብ አገኘ፣ አዎ። ግን ሲሮጥ ከእኛ ጋር ነበር። ሲያሸንፍ ይስቅልናል፣ ሲሸነፍ ወጥቶ ያወራናል። ትዕግስትንም አልጠላኋትም፣ ጫማው ቀድሞ መምጣቱ ነው ያመመኝ።

የሱሉልታ አቧራ፣ አንተ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማላውቀው ነገር ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀነኒሳና ስለሺ አቴንስ ላይ ኃይሌን ሲጠብቁ ማን ከፈላቸው? ሞስኮ 1980 ምሩፅ በ10,000 ወርቅ ሲወስድ፣ መሐመድ ከድር ነሐስ ሲያገኝ፣ አብሯቸው ሲለፋ የነበረው ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ነው የወጣው። ባዶ እጁን። ለእሱስ ማን ከፈለው?

አወያይ፦

ሁለት አስተያየቶች አጥፍቻለሁ። የአትሌት ብሔር እየቆጠረ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ክር ይወጣል። ስለ ሩጫ አውሩ።

እንጦጦ ማለዳ፦

ጥሩ ጠባይ የለም የምትሉ ቡዳፔስት 2023ን ድጋሚ እዩት። የሴቶች 10,000 መጨረሻ ላይ ሲፋን ሀሰን እየመራች ሳለ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ወደቀች። ጉዳፍ ወርቅ፣ ለተሰንበት ብር፣ እጅጋየሁ ታዬ ነሐስ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሄልሲንኪ 2005 እነ ጥሩነሽ፣ ብርሃኔና እጅጋየሁ ዲባባ የሠሩት እንደገና ተደገመ። ሁሉም ባንዲራ ፍለጋ ሲሮጥ ለተሰንበት ምን አደረገች? ወደ ኋላ ተመልሳ ሲፋን ጋ ሄደች፣ አቀፈቻት። ሲፋን እኮ ተፎካካሪዋ ናት፣ ያውም ለኔዘርላንድስ የምትሮጥ። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ የዞረችውን ስናወራ 30 ዓመት አልፎናል። ይሄንን ግን በሳምንቱ ረሳነው።

ታምራት ቶላስ? ለፓሪስ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎዳና ቦታው ለእሱ ደረሰ። ሌላው ቢሆን ያኮርፋል፣ ልምምድ ያቆማል። እሱ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀ። ያንን ዳገት ብቻውን ወጥቶ 2:06:26 ገባ፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። ከገዛኸኝ አበራ በኋላ 24 ዓመት የጠበቅነው የወንዶች ማራቶን ወርቅ ነው። አንድም ቀን "ለምን መጀመሪያ አልተመረጥኩም" ብሎ ሲጮህ ሰማችሁት? እኔ አልሰማሁም።

ቦሌ ሚካኤል፦

ስለ ሲፋን ካነሳን፣ ፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ ትዕግስትን በክርን መግፋቷስ? 😤 በ3 ሰከንድ ነው የተቀደመችው።

እንጦጦ ማለዳ፦

አቤቱታ ገባ፣ ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ሁለቱም ቦታ ለመያዝ ይታገሉ ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አይቼው ማን ማንን እንደገፋ አልለየሁም። ይሄኛው ለሌላ ክር ይሁን፣ እንዳንጣላ።

ዶክተር ነኝ ማለት ይቻላል፦

ሁላችሁም ዙሪያውን ትዞራላችሁ። እኔን የሰበረኝ የአበረታች መድኃኒት ነገር ነው። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ማራቶን ላይ 2:09:56 ስትገባ ጉድ አልን። ዓመት ሞልቶ ብዙም ሳይቆይ 3 ዓመት ታገደች። "ኬንያዎች ናቸው" ብለን እንዳንሸሽ፣ ከእኛም የታገዱ አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ድንገት ብቅ ብሎ ክብረ ወሰን ሲሰብር እጄ ለጭብጨባ አይነሳም። ንጹሑን ልጅም አብሬ ነው የምጠረጥረው፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። ጫማ ማሳየት፣ ሰላም አለማለት፣ እሱ ሁሉ ለእኔ ትንሽ ነገር ነው።

የሱሉልታ አቧራ፦

ጋሼ ስለ ቶሎሳ ቆቱና ስለ አቴንስ ለጠየቁኝ። ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ሥራ ቦታ ሆኜ ልመልስ አልፈለግኩም።

በአቴንስ ጊዜ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ። አንድ ዋና አሰልጣኝ። ኃይሌም ይሁን ቀነኒሳ፣ ደራርቱም ትሁን ጥሩነሽ፣ የሚሰሙት እሳቸውን ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ብትሆን "አንተ ዛሬ ትጎትታለህ" ካሉህ ትጎትታለህ። እንቢ ያለ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ዛሬ የጎተተ ነገ እንደሚጎተትለትም ያውቃል፣ ምክንያቱም ነገም አዛዡ ያው ሰው ነው። ቶሎሳም ቢሆን ሜዳሊያ ባያገኝ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ስንቱን አፍርቷል። ቤቱ አልረሳውም።

ዛሬ እያንዳንዱ ትልቅ አትሌት የራሱ አሰልጣኝ አለው። የራሱ ማናጀር አለው፣ ከሚያገኘው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ የሚወስድ። ልምምዱን ጠዋት ሰንዳፋ ወይም እንጦጦ ከራሱ ቡድን ጋር ይሠራል። ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ሆቴል ገብተው ለተወሰነ ጊዜ አብረው ይቆያሉ። አንድ ገበታ ላይ ይበላሉ፣ ልምምዱን ግን ብዙው በግል አሰልጣኙ ፕሮግራም ነው የሚሄደው። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሩጫው ዋዜማ ላይ "አንተ ጎትት" ቢለው ልጁ መጀመሪያ የሚያስበው የግል አሰልጣኙ ምን እንደሚለው ነው። ቀጥሎ ማናጀሩን። 12ኛ ከወጣ ለቀጣዩ ውድድር የሚጋበዝበት ዋጋ ይወርዳል እኮ።

ስለዚህ ጠባያቸው የከፋ አይመስለኝም። ጎትት የሚል፣ ለጎተተው ደግሞ የሚክስ ሰው የለም።

ቨርጂንያ፦

ያው ስለሺ ዛሬ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነው። አቴንስ ላይ ዞር ብሎ ያየው ራሱ። ከእሱ በላይ ይህን የሚያውቅ ማን አለ? እሱን ጠይቁት።

የሲድኒ ትውልድ፦

የሱሉልታ አቧራ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ስለ ጎታቹ የጻፍከው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነት ነው፣ ሜዳሊያ ላመጣ መሬትና መኪና ስንሸልም ኖረናል። ለጎታቹ የሸለመ አላየሁም። ፌዴሬሽኑ "ሦስታችሁ ያመጣችሁትን እኩል ትካፈላላችሁ" ቢል ምን ችግር አለው? ወይም ለጎታቹ ከብር ሜዳሊያው እኩል ይክፈል።

ግን አንተም ሁሉንም በአዛዥ አታሳብ። ማርታን ቀና ብሎ ለማየት የአሰልጣኝ ትእዛዝ አያስፈልግም። እሱ ላይ ሐሳቤን አልቀይርም።

ማርታ ዘ ዱባይ፦

ጋሼ ተባረኩ ❤️ እኔ ግን ዘንድሮም እወጣለሁ። ፈቃድ ካገኘሁ።

ሻይ በቅመም፦

ለጎታቹ ልጅ ቴሌብር ላይ 500 ብር አስገባለሁ፣ በእናቴ። ማን ይሰበስባል?

ቦሌ ሚካኤል፦

500 ብር ይዘህ የ26 ደቂቃ ሯጭ ልታስጎትት? በዚያ ብር እኔን ከመገናኛ ቦሌ ድረስ ነው የምታስጎትተኝ 😂

ጋሼ፣ ቀጣዩ ሻምፒዮና በ2027 ቤጂንግ ነው። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2008 ድርብ ወርቅ የወሰዱበት ከተማ። ይህን ክር ያኔ እቀሰቅሰዋለሁ።

የሲድኒ ትውልድ፦

አላይም ብያለሁ እኮ።

ቦሌ ሚካኤል፦

እሺ ጋሼ። ሰዓቱን እልክልዎታለሁ።